የጎደሬ ሞክሼ የእሳት እራት

ይህን የኢንተርኔት መወያያ ክር የከፈተችው ሐዋሳ የምትማር የእርሻ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ጎደሬን የሚያጠቁ ነፍሳትን እየዘረዘረች ነበር። የጎደሬ ሳይንሳዊ ስም ኮሎካሲያ ኤስኩሌንታ ነው። ልጅቷ ኮሎካሲያ የሚለውን ብቻ አንድ ትልቅ የዝርያዎች መረጃ ቋት ውስጥ ጻፈች። ከሰፋፊው የጎደሬ ቅጠል መሃል ጸጉራም አባጨጓሬና ግራጫ የእሳት እራት ተቀላቅሎ መጣላት። የተገኘበት ቦታ ሲታይ ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ስዊድን ይላል። ጎደሬ ስዊድን ምን ይሠራል?

የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይሄ የመረጃ ቋቱ ስህተት ነው ወይስ በእርግጥ አንድ ስም ለተክልም ለነፍሳትም ተሰጥቷል? ሁለተኛ፣ ጂነስ የሚባለው የመጀመሪያው ስም ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ስሞች አንድ ላይ ተመሳስለው፣ አንድ ተክልና አንድ ነፍሳት ፍጹም ሞክሼ የሚሆኑበት ጊዜ አለ?

ክሩ 26 መልስ አግኝቷል። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዴ ለቁም ነገሩ፣ አንዴ ለጭቅጭቁ።

መልስ ቁጥር 1 በሙሉ ልብ አይሆንም አለ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ ሁለት ቃል ያለው ስም ያመጣው ለእያንዳንዱ ፍጡር የራሱን ስም ለመስጠት ስለሆነ መደራረብ አይፈቀድም፣ ልጅቷ ያየችው የኮምፒውተር ስህተት ነው ሲል ደመደመ። ቁጥር 2 አመሰገነው። ምንም አልጨመረም።

ቁጥር 3 ከባሕር ዳር ናቸው፤ ለብዙ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር። ከዚህ በኋላ ክሩ ውስጥ ሁሉም አንቱ ይላቸዋል፤ ሲሳደቡ የዋሉት እንኳ። ከቁጥር 1 ጋር እንደማይስማሙ በትሕትና ተናግረው ሕጉን አስረዱ። የስያሜ ሕጉ አንድ አይደለም። ዕፅዋት፣ አልጌና ፈንገስ በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ እንስሳት በሌላ። የዕፅዋቱ ስም አቆጣጠር በአብዛኛው በፈረንጅ 1753 ከወጣው የሊኔየስ መጽሐፍ ይጀምራል። የእንስሳቱ ደግሞ ከ1758ቱ፣ ከሌላው መጽሐፉ አሥረኛ እትም። አንዱ ሕግ በሌላው አያገባውም። በእንስሳት ሕግ ሁለት ጂነስ አንድ ስም ሊይዙ አይችሉም፤ በዕፅዋትም እንዲሁ። ከዕፅዋት ወደ እንስሳት ስንሻገር ግን የሚከለክል የለም። ሁለቱም ሕጎች አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው በሌላው ወገን የተያዘ ስም ባይደግም መልካም ነው ብለው ይመክራሉ። ምክር ነው፤ ግዴታ አይደለም።

የኮሎካሲያን ጉዳይም አያይዘው ነገሯት። የእሳት እራቱ ጂነስ በ1816 ነው የተሰየመው። ተክሉ ይህን የጂነስ ስም ያገኘው በ1832 ነው፤ ሊኔየስ ራሱ ጎደሬን አሩም ኤስኩሌንቱም ብሎት ነበር። ስለዚህ ቅድሚያ እንቁጠር ከተባለ ጎደሬ ነው የእሳት እራቱን ስም የወሰደው። እራቱ ሙሉ ስሙ ኮሎካሲያ ኮሪሊ ሲሆን፣ አባጨጓሬው አውሮፓ ውስጥ የሀዘልነት ዛፍና የመሳሰሉትን ቅጠል ይበላል። ጎደሬን አያውቀውም።

ቁጥር 4 የመጀመሪያው መላሽ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። የጂነስ ስም መመሳሰሉን ተቀብሎ፣ ሙሉው ስም ግን ሊገጥም አይችልም ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ምሽግ ያዘ።

ቁጥር 5 የመጣችው ክሩን በደንብ ሳታነብ ይመስለኛል። ምሳሌ ሞልቷል ብላ ኑግን፣ ኮሶን፣ ቀጋንና አንጮቴን ዘረዘረች። አራቱም ሁለተኛ ስማቸው አቢሲኒካ ነው። ከነፍሳትም አቢሲኒካ የሚባሉ አይጠፉም። እውነቷን ነው፤ ጥያቄው ግን እሱ አልነበረም። መምህሩ በቁጥር 6 ቀስ ብለው አረሟት። ሁለተኛው ስም ብቻውን ቅጽል ነው፤ እንደ አባት ስም ሺህ ቦታ ሊደገም ይችላል። ኮሶ ሐጌኒያ አቢሲኒካ፣ ኑግ ጊዞሺያ አቢሲኒካ ሲባል የሚለያቸው የፊተኛው ነው። የተማሪዋ ጥያቄ ፊተኛውም ኋለኛውም ሲገጥም ምን ይሆናል የሚል ነው።

ክሩን ያሞቀው ቁጥር 7 ነው። ስሙን እንኳ በቅጡ ያልጻፈ ሰው፣ ምንም ሰላምታ ሳያስቀድም፣ አጋቲስ ሞንታና ብሎ መለሰ። አጋቲስ ሞንታና ዛፍ ነው፤ ከጥድና ከዝግባ ወገን የሚመደብ ትልቅ ዛፍ። ደ ሎበንፌልስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በ1969 ነው የሰየመው። የሚበቅለው ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ኒው ካሌዶኒያ፣ ፓኒዬ በሚባለው ተራራ ላይ ነው። አጋቲስ ሞንታና ተርብም ናት። እሷን ሼስታኮቭ በ1932 ሰይሟታል። በወገኗ እንደተለመደው እንቁላሏን በሌላ ነፍሳት እጭ ውስጥ የምትጥል ትንሽ ተርብ ናት፤ ፈልፍሎ የሚወጣው የእሷ ልጅ እጩን ከውስጥ ይበላዋል። ዛፉና ተርቧ አይተዋወቁም። ስማቸው ግን ፊደል በፊደል አንድ ነው።

ቁጥር 4 ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተናገረም። እኔ ክብር ሰጠሁት፤ ሌላው ቢሆን ሦስተኛ ምሽግ ይቆፍር ነበር።

ቁጥር 8 ተማሪዋ ራሷ ናት። ታዲያ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ስም ብቻ ባገኝ ዛፉ ይሁን ተርቧ በምን አውቃለሁ ስትል ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ያገኘችው ግን ብዙ ቆይታ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር 9 ስለ ግቢያቸው ማውራት ጀመሩ።

ቁጥር 9 ቨርጂኒያ የሚኖሩ እናት ናቸው። ቤት ሲገዙ ከበሩ ፊት የተተከለ ቁጥቋጦ አገኙ፤ በጸደይ ነጭ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል። ፒየሪስ ጃፖኒካ ይባላል። አካባቢው አጋዘን የበዛበት ስለሆነ ጽጌረዳቸውን ሁሉ ሲግጡባቸው ይህን ብቻ አይነኩትም። ልጃቸው ደግሞ የትምህርት ቤት ሥራ ሲሠራ ፒየሪስ ማለት ጥቅል ጎመን የሚበላው ነጭ ቢራቢሮ እንደሆነ ነገራቸው። እናትና ልጅ ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ያወቁት ይህን ክር ሲያነቡ ነው።

ቁጥር 10 ከስቶክሆልም ሁለት ነገር ጨመረ። አጋዘኑ የማይነካው ተክሉ መርዛም ስለሆነ ነው። ግራያኖቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ በግና ፍየል ከበሉት ይታመማሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ጃፓን፣ ናራ ከተማ ውስጥ አጋዘኖች ልቅ የሚዞሩበት ዝነኛ መናፈሻ አለ፤ ይህ ቁጥቋጦ እዚያ የበዛው ሌላው ሁሉ ሲጋጥ እሱ ስለሚቀር ነው። ሁለተኛው ጭማሪው የስሙ ጉዳይ ነው። ጃፓን ውስጥ ጃፖኒካ የሚል ስም የተሰጠው ፒየሪስ ቢራቢሮም አለ። ስለዚህ ሁለተኛ ፍጹም ሞክሼ ተገኘ አለ።

አልተገኘም። ቁጥር 11 ወዲያው አቆመው። ቢራቢሮው ላይ ጃፖኒካ የሚመጣው ሦስተኛ ቦታ ላይ፣ ፒየሪስ ናፒ ጃፖኒካ ተብሎ፣ በንዑስ ዝርያነት ነው። መሃል ላይ ናፒ ስላለ ሙሉ ግጥሚያ አይደለም ብሎ ዘጋው። ያረመበት ቃና ትንሽ ደረቅ ነበር፤ እርማቱ ግን ያስፈልግ ነበር።

ቁጥር 12 ከኔታንያ፣ እስራኤል ናት። ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው አሸዋማ ጥብቅ ቦታ በየዓመቱ የብርዱ ወራት መውጫ ላይ አይሪስ ሊያዩ ይሄዳሉ። ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ አይሪስ አትሮፑርፑሪያ የሚባለው አበባ ነው። አይሪስ የሚባል የማንቲስ ጂነስም አለ፤ አይሪስ ኦራቶሪያ የምትባለው እጆቿን አጥፋ ጸሎት እንደያዘ ሰው የምትቆመዋ የሜዲትራኒያን አካባቢ ማንቲስ ናት። ሴትዮዋ ስለ ማንቲሷ ከተናገረች በኋላ ወደ አበባው ተመለሰች፤ እኔም ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ክፍል ነው። እነዚህ ጥቁር አይሪሶች ንብ የሚስቡበት የአበባ ወለላ የላቸውም። ወንድ የዱር ንቦች ሲመሽ አበባው ውስጥ ገብተው ያድራሉ። ጠዋት አበባው ውስጥ ሞቀው ይወጣሉ፤ ምሽት ሌላ አበባ ጋ ሲገቡ ብናኙን ይዘው ይሄዳሉ። የአዳር ኪራይ መሆኑ ነው። ከርዕሱ ወጥቷል፣ አዎ። ማንም አልተቆጣም።

ቁጥር 13 ሪያድ የሚሠራ ሹፌር ነው። በረሃ ላይ መኪና ሲያቆም ረጃጅም እግሮች ያሏቸው ጥቁር ጥንዚዛዎች በጠራራ ፀሐይ ሲሮጡ እንደሚያይና ፎቶ አንስቶ ሲጠይቅ አዴስሚያ እንደተባለ ጻፈ። ስሙን ሲፈልግ ግን የደቡብ አሜሪካ ቢጫ አበባ መጣበት። መምህሩ በቁጥር 14 አረጋገጡለት። ጥንዚዛው በ1822፣ ከአተርና ባቄላ ወገን የሆነው ተክል በ1825 ነው ስሙን ያገኘው። የሦስት ዓመት ልዩነት ብቻ ነው፤ ግን አንዱ ነፍሳት አጥኚ፣ ሌላው ዕፅዋት አጥኚ ነበር። በዚያ ዘመን አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ባያይ አይገርምም።

ቁጥር 15 ስለ አስታ አነሳ። ሰሜን ተራሮችም ባሌም የወጣ ሰው አስታን ያውቃል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ነው። ኤሪካ የሚባል የፓናማ ዘላይ ሸረሪትም አለ ሲል ጻፈ። ቁጥር 16 ሸረሪት ስምንት እግር ስላለው ነፍሳት አይደለም፣ ጥያቄው ስለ ነፍሳት ነው፣ ሰው ርዕስ ያንብብ ብሎ ጮኸ። ስህተት አልተናገረም። ግን የተናገረበት ሁኔታ ክሩን አጠየመው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው በቁጥር 17 ሆን ብሎ፣ ለማናደድ ይመስላል፣ ነፍሳት ያልሆኑትን ደረደረ። ፊከስ የሚለው የዋርካና የሾላ ጂነስ የባሕር ቀንድ አውጣም ስም ነው፤ ፊከስ ቫሪየጋታ ደግሞ ዛፍም ቀንድ አውጣም ነው። ጋውሲያ ፕሪንሴፕስ የኩባ ዘንባባ ነው፤ ያው ስም የሚያበራ ጥቃቅን የባሕር ፍጡርም ነው፤ ከሱ የተገኘው ብርሃን ሰጪ ፕሮቲን ዛሬ በየላቦራቶሪው ይሠራበታል። ድራኩንኩሉስ መጥፎ ሽታ ያለው የሜዲትራኒያን ተክል ነው፤ ጋምቤላ ውስጥ ብዙ ሰው ያሰቃየው የጊኒ ዎርምም ጂነስ ነው።

ቁጥር 18 ላቦራቶሪ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ነገሩን ወደ ነፍሳት መለሰችው። ባሲለስ ሲባል ሁሉም ባክቴሪያውን ያስባል። እንጨት መስሎ ቅርንጫፍ ላይ የሚቆም የደቡብ አውሮፓ ነፍሳትም ባሲለስ ይባላል፤ ስሙን የያዘውም ከባክቴሪያው በፊት፣ በ1827 ነው። ባክቴሪያው በ1872 መጣ። ባክቴሪያዎች ሦስተኛ የራሳቸው ሕግ አላቸውና ይህም አልተከለከለም።

ቁጥር 19 ከአሪዞና ነው። በየመንገዱ ዳር የሚፈካው ቢጫ የበረሃ አበባ ቤይሊያ እንደሚባል፣ ቤይሊያ አውስትራሊስ የሚባል ተክልም የእሳት እራትም እንዳለ ጽፎ፣ ከአጋቲስ ቀጥሎ ሁለተኛው የተክልና የነፍሳት ፍጹም ሞክሼ ይኸው ነው አለ። ቁጥር 11ን የጻፈው ሰው በቁጥር 20 ተመልሶ መጣ። እራቱ ስሙን እንደያዘ ነው። የተክሉ ስም ግን ዛሬ አይሠራበትም፤ ቤይሊያ መልቲራዲያታ ከሚባለው ጋር አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ተጠቃሏል። ስለዚህ ግጥሚያው በድሮ ወረቀት ላይ ያለ እንጂ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ አይደለም። ይህ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ሄርባሪየም ውስጥ የደረቀ ቅጠል ሲለጥፍ የኖረ ይመስለኛል። የሚያርመው ሁሉ ልክ ነው። ደስ የሚል ሰው ግን አይደለም።

ቁጥር 21 ላይ ነገሩ ተቀጣጠለ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ዝርክርክነት ፈረንጅ የሰው አገር ተክል እንደፈለገ ስም እየለጠፈ የመጣ ነው አለ። የቡናን ጉዳይ አነሳ። መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ሆኖ ሳለ ሊኔየስ በ1753 አረቢካ አለው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን ነጭ የካላ አበባ ደግሞ ኢትዮፒካ አለው። የኛን ለዓረብ፣ የሌላውን ለኛ ሰጠ። ይቀየር አለ።

ቁጥር 22 አላለሳለሰለትም። ስም የይዞታ ካርታ አይደለም፤ የዕፅዋት ሕጉ አንድ ስም ከቦታው ጋር አልገጠመም ተብሎ ብቻ እንዳይሰረዝ ይከለክላል፤ የሚቆጨው ሰው ቡናውን በደንብ ቆልቶ ይጠጣ ብሎ ሸኘው። ሦስት አራት ሰው ሳቀ። አራተኛው ተሳደበ፤ አወያዩ አጠፋው፤ ቁጥሩም አብሮ ስለጠፋ ልቆጥረው አልቻልኩም።

መምህሩ በቁጥር 23 ገቡ። ለሁለቱም ሳያደሉ፣ ስም በጭራሽ አይቀየርም የሚባለው ልክ እንዳልሆነ አስረዱ። በግቢ አጥርነት የሚተከለውን የኮሽም ዘመድ ምሳሌ አደረጉ። አገር በቀሉ ኮሽም ዶቭያሊስ አቢሲኒካ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ባለ እሾሁ ግን ዶቭያሊስ ካፍራ ይባል ነበር። ካፍራ ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጥቁሮች መሰደቢያ ነው። በ2024 ማድሪድ ላይ በተካሄደው የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ድምፅ ተሰጥቶ ከ200 በላይ ስሞች ካፍራ መባላቸው ቀርቶ አፍራ እንዲባሉ ተወሰነ። የኛ ቆርች ዘመድ የሆነችው የደቡብ አፍሪካዋ ኤሪትሪና ካፍራም ኤሪትሪና አፍራ ሆነች። የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ግን በ2023 አቋሙን አሳውቆ ነበር፤ በሥነ ምግባር ምክንያት ስም አይቀይርም። ስለዚህ እንጨት የምትቦረቡረው ትልቋ የአፍሪካ ንብ ዛሬም ዚሎኮፓ ካፍራ ናት። ትናንት ቆርቿና ንቧ በሁለተኛ ስማቸው ይጋሩ ነበር፤ ዛሬ በድምፅ ብልጫ ተለያዩ።

ለእኔ የክሩ ከፍታ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ሕጎች አለመነጋገራቸው ድሮ ሞክሼ ያበዛ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሞክሼን ይለያያል። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። እኔ ወደ ዕፅዋቱ ሰዎች አደላለሁ፤ ስድብን ለመረጋጋት ሲባል ተሸከሙ ማለት ይከብደኛል። ቁጥር 21ን የጻፈው ሰው ግን በዚህም አልረካም፤ ስለ አረቢካ ማንም ድምፅ አልሰጠምና።

የተማሪዋ የቁጥር 8 ጥያቄ መልስ ያገኘው በቁጥር 24 ነው፤ መላሹም ያ ደረቁ አራሚ ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈውን የሰያሚውን ስም አትጣዪው አላት። አጋቲስ ሞንታና ብሎ ደ ሎበንፌልስ የሚል ካለ ዛፉ ነው፤ ሼስታኮቭ፣ 1932 ካለ ተርቧ ናት። የእንስሳት ስም ላይ ዓመቱ አብሮ መጻፉ የተለመደ ነው፤ የዕፅዋት ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ይህ ራሱ ምልክት ነው። ሌላው ምልክት የተደገመ ስም ነው። እንስሳት ላይ የጂነሱን ስም ደግሞ መጻፍ ይቻላል፤ ጅብ ክሮኩታ ክሮኩታ ነው። ተክል ላይ ክልክል ነው። መረጃ ከቋት ስትወስጂ ደግሞ ቤተሰቡ፣ ማለትም ጂነሶችን የሚያቅፈው ሰፋ ያለ ምድብ፣ የተጻፈበትን ዓምድ ሳትይዢ አትውረጂ፤ ከስሙ አጠገብ ያ ከሌለ ሠንጠረዡን ማመን የለብሽም ሲል አሳሰባት። አብዛኛው ሰው ሠንጠረዥ ሲያጸዳ መጀመሪያ የሚሰርዘው የሰያሚውን ስም ነው፤ ረጅም ነው፣ ቅንፍ አለው፣ ዓይን ያስቸግራል። እኔ እንኳ ጽሑፍ ሳርም አስወጣው ነበር። ከዚህ በኋላ አላስወጣም።

ቁጥር 25 ተማሪዋ ናት። ሁሉንም አመስግና፣ የቤተሰብ ዓምድ ጨምራ ሠንጠረዧን እንደ አዲስ እንዳወጣች ጻፈች። ለመምህሩ ለብቻቸው ምስጋና አቀረበች፤ ለአራሚውም፣ ትንሽ ጠንቀቅ ብላ።

ቁጥር 26 ይህን ሁሉ ያላነበበ ሰው ነው። ሱሉልታ ጎመን ማሳው ላይ ያነሳውን የነጭ ቢራቢሮ ፎቶ ለጥፎ፣ ምን እንደሆነና በምን እንደሚረጨው ጠየቀ። ፎቶው ደብዛዛ ነው። ከኛ ደጋ የሚታወቅ ፒየሪስ ብራሲኮይደስ የሚባል አንድ ነጭ ቢራቢሮ ስላለ መምህሩ የክንፉን ጫፍና የታች ገጽ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ እንዲልክ በዚያው ልጥፍ ሥር ጽፈውለታል፤ እስኪታወቅ ድረስም ምንም እንዳይረጭ። እስካሁን አልላከም።